«ደህና ነኝ» ያለው ሃብቶም

ጎረቤቴ ሃብቶም ከኤርትራ እስር ቤት አምልጦ እዚህ እስራኤል የመጣ ሰው ነው። የጀርባው የጅራፍ ጠባሳ ከቤርሼቫ ወደ ሰሜን ከሚሄደው የባቡር ሐዲድ ይረዝማል፤ ብዋሽም ጥቂት ነው። ጥገኝነት ሊጠይቅ ሲሄድ፣ ፊደል ባልቆጥርም ትግርኛና ዕብራይስጥ አላጣሁምና አስተርጓሚ ሆኜ ተከተልኩት። ወረፋው ላይ ጢሜ ሁለት ጊዜ ሸበተ።

የጥገኝነት ቢሮዋ ጸሐፊ በግራ እጇ ብቻ ኮምፒውተሩን እየጠቀጠቀች፣ «አገርህ ሳለህ እንዴት ነበርክ?» አለችው።

ሃብቶም አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» አለ። እናቱ ያሳደገችው እንደዚያ ነዋ፤ እንዴት ነህ ላለው ሁሉ ማን ቁስሉን ይዘረግፋል? እኔም ጅሉ ቃል በቃል ተረጎምኩት።

«እንግዲያው ስጋት የለበትም፤ መመለስ ይችላል ብዬ ጽፌያለሁ» አለች።

ደሜ ፈላ። አራት ዓመት የተገረፈ ሰው በአንድ ሰላምታ ሊባረር ነው።

«እህቴ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ?» አልኳት።

«ባሩክ ሃሼም፣ ደህና ነኝ» አለች፤ እሷም በቋንቋዋ እግዚአብሔርን አመስግና።

«ታዲያ ቀኝ እጅሽ በጀሶ ተጠቅልሎ አንገትሽ ላይ ተንጠልጥሎ ምን ይሠራል?»

ጀሶውን ቁልቁል አየች። ከዚያ በግራ እጇ የጻፈችውን አጠፋችና ወደ ሃብቶም ዞረች።

«እንደገና እንጀምር። ምን አደረጉህ?»