እትዬ ጤናዬ የሰፉት ካምፕ

እትዬ ጤናዬ ወንጂ ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስኳር ጆንያ አፍ ሲሰፉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ አዳማ ልጃቸው ዘንድ ገቡ።

እኔ የቀበሌያችንን የቅርስ ቀን ከሚያስተባብሩት አንዱ ነኝ። ዘንድሮ የአዳማንና የአካባቢዋን ካርታ በትልቅ አቡጀዲ ላይ ሥለን፣ አረጋውያን የተወለዱበትን ሰፈር በክር እንዲሰፉበት ጋበዝን። ዛሬ የሌለ ቦታ አይሰፋም የሚለውን ሕግ ያወጣሁት እኔው ነኝ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

እትዬ ጤናዬ መርፌያቸውን ይዘው መጡና «ሰባተኛ ካምፕ» አሉ። የወንጂ ስኳር ሠራተኞች ሰፈር ነበር፤ ፈርሶ አገዳ ከተተከለበት ዘመናት አልፈዋል።

«ቦታው ከሌለ ምን እናድርግ፣ እትዬ?»

«ቦታውማ የትም አልሄደም። ና፣ ላሳይህ።»

በባጃጅ ሄድን። አገዳው መሀል ስንገባ ግራም ቀኝም አንድ ነው። መጀመሪያ የወሰዱኝ ቦታ የውኃ ቦይ ሆኖ አረፈው። ሁለተኛውም አልሆነም። ፀሐዩ አናቴን ሲበሳኝ «ይቅርብን» አልኳቸው። «አንተ ይቅርብህ» ብለውኝ ሄዱ። እልኸኛ ናቸው፤ ተከተልኳቸው።

ትንሽ እንደሄዱ ቆሙ። ዙሪያው ያለው አገዳ ከራሳችን በላይ ነው፤ እዚያች ጥግ ላይ ያለው ግን ወገባቸው ጋም አይደርስም።

«የቤታችን ወለል ነው» አሉ። «ስንት ዓመት ጭቃ እየለቀለቅን፣ እየረገጥን ያጠበቅነው። ምን ይበቅልበታል?»

የእርሻው ካቦ ቀልቤሳ አይቶን መጣ። «አከም ጅርቱ፣ ሃዴ?» ብሎ እትዬን በኦሮምኛ ሰላም አለና «ምን ጠፋባችሁ?» አለን።

ነገሩን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ብናርሰው፣ ማዳበሪያ ብንደፋበት፣ ይቺ ጥግ እምቢ እንዳለችን ነው። ለካ ሰው ኖሮባታል።»

እትዬ ጤናዬ ጎንበስ ብለው መሬቱን እየዳበሱ አለቀሱ። ያን ሕጌን የዚያኑ ዕለት ከማስታወቂያው ላይ ሰረዝኩት።

በበዓሉ ቀን እትዬ ጤናዬ ካርታው ፊት ተቀምጠው፣ በወፍራሙ የጆንያ ስፌታቸው የካምፑን በሮች አንድ በአንድ ሰፉ። በእያንዳንዱ በር ስም ይጠራሉ፤ «የነፈዬራ። የነኡሙልኸይር። የነጉዲቱ።» አሥራ አንድ በር ሰፍተው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ከነዚያ ቤቶች በሕይወት ያለ ሰው እንደሌለ ልጃቸው ነግራኛለች።

«የእርስዎስ በር፣ እትዬ?» አልኳቸው።

«የኔ ይቆይ፤ እኔ ገና አለሁ» አሉ። «ይልቅ ክር አቀብለኝ፤ እንደኛው የፈረሰው ስምንተኛ ካምፕ ይቀረናል።»