ጁባን የሰጠሁበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ፣ አማራት የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከእናቴ ምግብ ቤት ጀርባ ባለው ግቢ፣ ጀነሬተሩ በጠፋ ቁጥር የከሰል ምድጃውን ከበን ተረት እንሰማ ነበር። የሚያወራልን ጋሽ ወርቁ ነበር፤ የእናቴ አጎት፣ ብቻውን ያረጀ፣ ትንባሆ ትንባሆ የሚሸት ሰው። ያኔ ፍሙ ፊቱን ከታች ስለሚያበራው ጺሙ ቀይ ይመስለኝ ነበር።

ተረቱን እወደው ነበር። የምፈራው ከተረቱ በፊት የሚመጣውን እንቆቅልሽ ነው። መልሱን ያላወቀ ልጅ ለጠያቂው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም እዚያ አገር ገብቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ የሰጠውን ልጅ እንደ ልቡ ይሰድበዋል። ወንድሜ ሄኖክ እየጮኸ ይመልስ ነበር። እኔ ግን መልሱ ምላሴ ላይ እያለ፣ ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ ይጠፋኛል። ትምህርት ቤትም እንደዚሁ ነበርኩ፤ ታጭቀን በተቀመጥንበት ክፍል መምህሩ አርጩሜውን ይዞ ስሜን ሲጠራ፣ ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ይሄዳል። እናቴ ተጠርታ፣ ይህች ልጅ ትምህርት አይገባትም ተባለች። እሷም ተርሙ ሲያልቅ ኸላስ፣ በቃ፣ ምግብ ቤት ገብታ ሰሃን ታጥባለች ብላ ወሰነች።

በዚያ ሰሞን ጋሽ ወርቁ ተራዬን ጠበቀና ጠየቀኝ።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልህ።»

«ሲወለድ ጥቁር፣ ሲጎለምስ ቀይ፣ ሲያረጅ ነጭ።»

መልሱ ከፊቴ እየነደደ ነበር። ሁሉም ግን ዞረው ያዩኝ ነበር። ጎንደርንም ሐረርንም ሳላያቸው ቀደም ባሉት ምሽቶች ሰጥቼ ጨርሼ ነበር። የቀረኝ የምኖርበት ብቻ ስለነበር፣ ጁባን ሰጠሁህ አልኩት።

«ጁባ ገብቼ፣ ሆቴሉን ሁሉ ወርሼ፣ ጥብሴን ስበላ፣ አንቺን በር ላይ ከውሻ ጋር አጥንት ስትሻሚ አየሁሽ» አለ። ሄኖክ እስኪያስለው ሳቀ።

ብዙም ሳይቆይ ከተማው ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። እናቴ ሕፃኗን እህቴን እንዳዘለች የምግብ ቤቱን በር ቆልፋ፣ በዱቄት ጆንያዎቹ መሃል ሲሚንቶው ላይ አስተኛችን። ቆርቆሮው በተንቀጠቀጠ ቁጥር አቧራው ፊታችን ላይ ይረግፍ ነበር። አዋቂዎቹ ስለ ወታደሮች ያንሾካሽካሉ፤ እኔ ግን ምክንያቱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ከተማዋን አሳልፌ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ተስቤ ወደ ጋሽ ወርቁ ተጠጋሁና «ጋሼ፣ ጁባን መልስልኝ» አልኩት።

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ጆሮውን ወደ አፌ አስጠግቶ፣ «መልሱን ንገሪኝና ውሰጃት» አለኝ።

«ከሰል።»

«በይ ያንቺ ናት። ሌላ ልጠይቅሽ?»

ውጭ ሲተኮስ እሱ በሹክሹክታ ይጠይቀኛል፣ እኔም በሹክሹክታ እመልሳለሁ። ማንም አያየኝም ነበር። ስሳሳት፣ ረጋ ብለሽ አስቢ ይለኛል እንጂ አገር አይጠይቀኝም። ማባዛትም ጠየቀኝ፤ መምህሩ ፊት የጠፋኝ ሁሉ እዚያ ጆንያ ሥር አንድ በአንድ ተመልሶ መጣ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ተኝታ ትሰማ ነበር።

ተኩሱ ጋብ ባለበት ጠዋት ጋሽ ወርቁ ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ወጣ። አልተመለሰም። እናቴ በየሆስፒታሉ ዞራ ፈለገችው፤ ሬሳውን እንኳ አላገኘነውም። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ስለ ሰሃን አላነሳችም፤ ቦርሳዬን አቀበለችኝ።

መምህሩ አርጩሜውን አልተወም፤ እኔም እጄን አውጥቼ አላውቅም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀን ግን ክፍሉ ጸጥ ሲል ጥያቄዎቹን በጋሽ ወርቁ ድምፅ አነበብኳቸው። ለጥቂት አለፍኩ።

ካወራልን ተረት አብዛኛው ዛሬ ከእኔ ጋር የለም። የቀረልኝ በጆሮዬ የነገረኝ ነው፤ እሱም ከባሩድ ሽታ ጋር ይመጣል። ያኔ እናቴ ጀርባ ላይ የነበረችው ታናሽ እህቴ አሁን እንቆቅልሽ ጠይቂኝ ትላለች። መልሱ ሲጠፋት አንገቷን ደፍታ፣ «አገር ልስጥሽ?» ትለኛለች። አልቀበላትም። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠግቼ እጠብቃለሁ።