ምሳህን በላህ ወይ?

ከሬዲዮ ጣቢያው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሰው ሲያገኘው የሚጠይቀው ያው ነው፤ «ያን ሁሉ ዘፋኝ በዓይንህ አይተሃል አይደል?» እሱም አያሳፍራቸውም። ቴፑ ካሴቱን በልቶት አየሩ ዝም ያለበትን ቀን፣ ማይኩ የተዘጋ መስሎት አለቃውን ያማውን አቅራቢ፣ ሁሉንም እያሣቀ ያወራል። የእናቱ ነገር ላይ ሲደርስ ግን ወሬ ይቀይራል።

ሥራው አቅራቢው ከሚቀመጥበት ስቱዲዮ መስታወት ወዲህ ነበር። ዘፈን ያስገባል፣ ድምፅ ያስተካክላል፣ በምሳ ሰዓቱ የዘፈን ምርጫ ላይ ደግሞ ስልክ እያነሣ ደዋዮቹን ለአቅራቢው ያሳልፋል። ማን አየር ላይ እንደሚወጣ፣ ማን «መስመሩ ተጨናንቋል» ተብሎ እንደሚሸኝ የሚወስነው እሱ ነው። ለአንድ የድምፅ ቴክኒሻን ቀላል ሹመት አይደለም፤ ትንሽም ኮርቶበት ነበር።

እናቱ መጀመሪያ የደወለች ዕለት በደስታ አሳለፋት። እሷ ግን አቅራቢውን ትታ፣ ጓዳዋ ያለች ይመስል፣ «ድንቡሼ፣ እዚያ ነህ? ምሳህን በላህ ወይ?» አለች። አገር እየሰማ። ጣቢያው በሙሉ አውካካ። ከዚያ ወዲህ ከዳይሬክተሩ እስከ ዘበኛው ስሙን ረስተው ድንቡሼ አሉት፤ ሰውየው ደግሞ ዱላ የመሰለ ከሲታ ነው።

አፈረ እንግዲህ። በገዛ እናቱ አፈረ። ድምፅዋን በሰማ ቁጥር «መስመሩ ተጨናንቋል እማዬ» ይላታል። «እሺ የኔ ጌታ፣ ለሳምንት እሞክራለሁ» ትለዋለች። የምትፈልገው አንድ የቆየ ዘፈን «ለልጄ» ብላ መምረጥ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን እንደ ልማዷ ደወለች። «እስቲ ቆዪ» አላትና የማቆያዋን ቁልፍ ተጫነ፤ የተጫነ መሰለው። ያቺ ቁልፍ በደንብ ከገባች ደዋዩ ዘፈኑን ብቻ ይሰማል። ካልገባች ክፍሉ ውስጥ የሚወራው ሁሉ ይሄድለታል። ስንቱን አዲስ ሠራተኛ በዚህ ተቆጥቷል። አቅራቢው ዘፈን እስኪያልቅ ብቅ ብሎ «ማናት?» አለው።

«ተዋት ባክህ። አንዲት ነዝናዛ አሮጊት ናት፤ በየሳምንቱ እየደወለች ታስቸግራለች።»

ዞር ሲል የቁልፏ መብራት አልበራም። ስልኩን ጆሮው ላይ ቢያደርግ ትንፋሿን ሰማ። ከዚያ ቀስ ብላ ዘጋችው።

አመሻሹ ላይ ቤት ሲገባ እናቱ ራቱን አቀረበችለት፣ ስለ ጎረቤቷ ጉልበት ሕመም አወራችው። ያንን ግን አላነሣችም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ይቅርታ ሊላት አፉን ከፈተና፣ «ጨው አንሶታል» አለ። ጨው አመጣችለት።

ከዚያ በኋላ መደወል ተወች። ሬዲዮዋንም በጨርቅ ሸፈነቻት። እሱን መሬት ጠበበችው፤ በመጨረሻ ለአቅራቢው ዘርግፎ ነገረው። አቅራቢው ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ እኛ ብንደውልላቸውስ? እሳቸው ይምረጡ፣ አንተም ገብተህ እዚሁ አየር ላይ አናግራቸው።»

ደወለ። ስልኩን ስታነሣ ወደ አየር አሳለፋት። «እናታችን» አለ አቅራቢው፣ «የቴክኒሻናችን እናት ነዎት አይደል? ለልጅዎ ምን ዘፈን እንክፈትልዎ?»

እሷ እንግዳ ስታናግር በምታወጣው ድምፅ፣ «ተሳስታችኋል መሰለኝ ልጆቼ» አለች። «እኔ እዚያ የሚሠራ ልጅ የለኝም።»

ቂም ቢሆን በቻለው። ቂም አልነበረም፤ ዳግም እንዳይሣቅበት እየከለለችው ነበር። አቅራቢው በመስታወቱ አሻግሮ የእንግዳውን ማይክ አሳየው፤ ናና ተናገር ማለቱ ነው። ማይኩ ክፍት ነው፣ ቀዩ መብራት በርቷል።

«ቢሆንም ለዚያ ልጅ ያን የድሮውን ክፈቱለት» አለች። «ምሳውንም ይብላ።»

በሩ በእጁ ርቀት ነበር። ገብቶ «እናቴ ናት» ማለት ብቻ ነው። ድንቡሼ አንገቱን ደፍቶ ዘፈኑን አስገባ፣ ድምፁንም ከፍ አደረገው።