ያልመጣልኝን የተናገርኩበት ቀን

ሆሳዕና ውስጥ ሞርሞንነትና ነጋዴነት አብረው አይሄዱም። ቡና አንጠጣም፤ ለቅሶ ቤት ሲኒ የሚመልስ ነጋዴ ደግሞ ያኮረፈ ይመስላል። የሱቅ ጎረቤቴ፣ ሙስሊም ጉራጌ ነው፣ «ገነት ቡና ከሌለ እኔን እዚሁ ተዉኝ» ይለኛል። የሞርሞንን እምነት ያገኘሁት አዲስ አበባ ዕቃ ላመጣ ሄጄ ነው። የወደድኩለት አንድ ነገር ለብቻው የተቀመጠ ቄስ የሌለው መሆኑን ነው። እንደ እኔ ያለው ፍራሽ ሻጭም ክህነት ይይዛል። ጉድ የሠራኝም እሱ ነው።

ታላቅ እህቴ ዱራሜ ነበር የምትኖረው። ባሏ የከምባታ ሰው፣ ካቶሊክ፣ ጤና ጣቢያ የሚሠራ። እሷ ግን እኔን ተከትላ ተጠምቃለች። ሆዷን ታመመች። ሐኪሙ ሪፈር ጽፎ «አዲስ አበባ ውሰዷት፣ ዛሬ ነገ አትበሉ» አለ። ከመሄዷ በፊት ዘይት እንድትቀባ ፈልጋ ላከችብኝ።

በእኛ ሥርዓት ሁለት ወንዶች ያስፈልጋሉ። አንዱ የተባረከ ዘይት አናቷን ይቀባል፤ ሌላው እጁን ጭኖ በልቡ የመጣለትን ይናገራል። ምንም ካልመጣለት የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን ብሎ ያበቃል። ይህን አላውቅም ነበር አልልም። ከጉባኤያችን አንድ አስተማሪ ይዤ ዱራሜ ሄድኩ። እሱ ቀባ፣ እኔ እጄን ጫንኩ።

ምንም አልመጣልኝም።

እህቴም አስተማሪውም ቃሌን ይጠብቃሉ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ፍራሹን ዳብሶ ቀና ሲል ዝም ካልኩት ጥሎኝ ይሄዳል። ስለዚህ «አሥር ዓመት አይሰረጉድም» እለዋለሁ፤ ያን የሚለው ፋብሪካው አይደለም፣ እኔ ነኝ። አፌ እንደለመደው ተናገረ። «ከዚህ በሽታ ትድኛለሽ። ልጆችሽን ትድሪያለሽ።»

እህቴ አለቀሰች። አስተማሪው መንገድ ላይ «ደፋር ነህ» አለኝ። ሙገሳ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ባሏ መኪና ይዞ ቢመጣ አልሄድም አለች።

«ጌታ ተናግሯል። ሐኪም ፍለጋ ብሄድ አላመንኩትም ማለት ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ።»

«ሰርዘው።»

ደወለልኝና ሄድኩ። «እትዬ፣ ጌታ እኮ በሐኪምም ያድናል» አልኳት።

«እንደዚያ ብሎሃል?»

ያን ጊዜ «ምንም አላለኝም፣ የተናገርኩት ከራሴ ነው» ብላት ኖሮ ተነስታ ትሄድ ነበር። አፈርኩ። «ይመስለኛል» አልኳት። «ይመስለኛል» ብሎ ነገር ማንን መኪና ውስጥ ያስገባል?

ባሏ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አልሆነለትም። ከወር በኋላ ሰውነቷ ሲያልቅ ተሸክመው ወሰዷት። ዘግይታችኋል ተባሉ። ሬሳዋ ነው የተመለሰው።

በእኛ እምነት ቤተሰብ ከሞት በኋላም አብሮ ይኖራል። ሌላው የሚጽናናው በዚህ ነው። እኔን ግን ያስፈራኛል፤ ዘላለም አጠገቧ ተቀምጬ ምን እላታለሁ? የጉባኤያችን ወንድሞች መጥተው «መከራ ሰውን ያንጻል፣ እግዚአብሔር የራሱ ምክንያት አለው» አሉኝ። ይኑረው። የዚህኛውን ምክንያት ግን አውቀዋለሁ፤ እግዚአብሔርን በሌለበት መወንጀል አልፈልግም።

የለቅሶው ድንኳን ሳይነሳ ባሏ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አትዋሸኝ። ያን ቀን ያልከው ከላይ መጥቶልህ ነው? ከሆነ ጠቤ ከእሱ ጋር ነው። ካልሆነም ልወቀው።»

መውጫ እየሰጠኝ ነበር። ነጋዴ ነኝ፣ ገብቶኛል።

«አልመጣልኝም፣ ጋሼ። ከራሴ ነው» አልኩት።

«ይህንን ለእሷ ነበር መንገር» አለና ተነስቶ ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

አሁን እሁድ እሁድ ቅዳሴ አያስታጉልም ይሉኛል። ከእግዚአብሔር ጋር ጠብ የለውም። እኔን ዱራሜ መንገድ ላይ ሲያየኝ ግን ይሻገራል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እሻገር ነበር።