የደመና ልብ የሚሄድበት
በልብስ ፋብሪካው ውስጥ «ደመና» ነው የሚሏት። እጇ ከሸሚዝ ኮሌታ ላይ ሳይነሣ በሐሳብ ጭልጥ ብላ ትሄዳለችና። አንድ ቀን እንደ ልማዷ ጭልጥ ብላ ሳለ የስፌት መኪናው መርፌ የሌባ ጣቷን ጥፍር በስቶት ወጣ።

ጣቷን አስጠቅልላ ቤት ስትገባ የእህቷ ልጅ እየጠበቀቻት ነበር። ልጅቷ የሥነ ልቦና ተማሪ ናት፤ ለመመረቂያ ጥናቷ ሰው ትፈልጋለች።

«አክስቴ፣ ካንቺ የተሻለ ከየት አገኛለሁ?» አለቻት እየሳቀች። «ስልክሽ በቀን አምስት ጊዜ ሳታስቢው ይጮኻል። ያኔ ምን ስትሠሪ እንደነበር፣ ልብሽ የት እንደነበር፣ ስሜትሽ ከዐሥር ስንት እንደሆነ ትሞያለሽ። በቃ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሶቹን አብረው አዩ። ደመና ያሰለቸኝ ሥራው ነው ትል ነበር፤ ሃያ ዓመት ኮሌታ መስፋት ማንን አያሰለች! መልሷ ግን ሌላ ተናገረ። ልቧ ስፌቱ ላይ ሲውል ስሜቷ ሰባትም ስምንትም ነው። ልትገዛው ስላሰበችው መጋረጃ ስታልምም ያው ነው። ሁለትና ሦስት በሞላችበት ሁሉ ግን «ጓደኛዬ» ብላ ጽፋለች።

«የትኛዋ ጓደኛሽ?»

ደመና ምስጢሯን ተነፈሰችው። ዐሥራ አንድ ዓመት ከጎኗ የሰፋች ጓደኛ ነበረቻት። ከስድስት ዓመት በፊት መቶ ሸሚዝ ኮሌታው ተገልብጦ ተሰፍቶ ተገኘ። አለቃው የጓደኛዋ ሥራ መስሎት አባረራት። ጥፋቱ የደመና ነበር፤ እሷ ግን ትንፍሽ አላለችም።

«የረሳሁት መስሎኝ ነበር እኮ» አለች።

ልጅቷ እንደ ምሁር ልትመልስ አፏን ከፈተችና ተወችው። «ጥናቴ ልብሽ የት እንደሚሄድ ነው የሚያሳየው። ምን እንደምታደርጊ አይነግርሽም፣ አክስቴ።»

እሑድ ጠዋት ደመና ከተማውን አቋርጣ ሄደች። ጓደኛዋ በራፏ ላይ ልብስ ትጠግናለች። አየቻት፤ አልተነሣችም።

«ያን ሸሚዝ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች ደመና፣ ሰላምታውንም ረስታ።

«አውቃለሁ» አለች ጓደኛዋ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «የኔን ስፌት ካንቺ ስፌት የማልለይ ይመስልሻል? እስክትናገሪ ብዬ ነው የጠበቅሁት። ስድስት ዓመት ይፈጅብሻል?»

የደመና እንባ ዱብ ዱብ አለ። ጓደኛዋ አንድ ኩርሲ በእግሯ ገፋ አደረገችላት።

«ተቀመጪ። ይቅር ብዬሻለሁ አላልኩም። ግን ተቀመጪ።»

ሰኞ ደመና አለቃው ቢሮ ገብታ እውነቱን ተናገረች። ሰውየው የቱን ሸሚዝ እንደምትል እንኳ አላስታወሰም። በሚቀጥለው እሑድ ይህን ስትነግራት ጓደኛዋ መጀመሪያ በንዴት ቱግ አለች፤ ቀጥሎ ሳቋ አመለጣት።