አባቴ ያሳጠሩት መቋሚያ

መንገድ ዳር ተቀምጬ እግሬን ይዤ እያለቀስኩ ነው... አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ መጥተው ከፊቴ ቆሙ።

ነገሩ የሆነው ላሊበላ ነው፣ በደርግ ጊዜ። ከደሴ የመጣው የስፖርት መምህራችን ትምህርት ቤት አርፍጄ ዳገቱን ስሮጥ አየኝና «አንቺ ለአውራጃው ውድድር ትሮጫለሽ» አለኝ። በቃ፣ ሯጭ ሆንኩ። ወር እንኳ ሳልሮጥ በኮንጎ ጫማ ቁልቁለቱን ስወርድ የረገጥኩት ድንጋይ ከዳኝና ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ሩጫዬን አይወዱትም ነበር። «የመሪጌታ ልጅ በቁምጣ!» እያሉ ለእናቴ ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ። ስለዚህ «ይበልሽ!» የሚሉኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ያን የምታህል ኮረዳ አዝለው ዳገቱን ወጡት።

ወጌሻው አያ ሞላ ቅቤ ይዞ መጣና ሲያሸኝ ጩኸቴ ሰፈሩን ቀወጠው። በዚያ መሀል አያ ሞላን ምን ብዬ እንደሰደብኩት እዚህ አልጽፈውም። እናቴ «የእግሯስ በቅቤ ታሸ... የአፏን ወለምታ በምን እናሸው?» አለች።

«እስኪጠና መሬት እንዳታስነኪው» አለኝ አያ ሞላ። «አስነክተሽው እንደሁ እያነከስሽ ትቀሪያለሽ።»

«ውድድሩስ?»

«የምን ውድድር? መጀመሪያ ተራመጂ እስቲ!»

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። በሕይወቴ «ጎበዝ ነሽ» የተባልኩበት ነገር ቢኖር ሩጫ ብቻ ነበር። እሱም ገና ሳይጀመር አለቀ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከግቢ የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው የእናቴ ጩኸት ተከተለ። «ኧረ በመድኃኔዓለም! ምነው መሪጌታ! የየኔታን መቋሚያ!»

እየተንፏቀቅኩ ወጣሁ። አባቴ፣ የማሕሌት አቋቋም ያስተማሯቸው የኔታ ሲያርፉ የወረሱትን፣ እኛ ልጆቻቸው እንዳንነካው የሚቆጡበትን መቋሚያ ከታች በኩል ይቆርጡታል። አባቴ ረጅም ናቸው፣ መቋሚያውም በልካቸው ነበር።

«አባባ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ነይ፣ ብብትሽ ሥር ለኪው።»

«ማሕሌት ላይ ምን ሊደገፉ ነው ታዲያ?»

«እኔ ሁለት እግር አለኝ» አሉና መጋዙን አስቀመጡ። «እግር የጎደለሽ አንቺ ነሽ።»

አናቱ ላይ ያለችው አግዳሚ ብብቴ ሥር ልክክ አለች። መቋሚያውን ይዤ ትምህርት ቤት ስገባ ግን የወጣት ማኅበሩ ሊቀመንበር በር ላይ አስቆመኝ። ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ይዞ ግቢ መግባት ያስጠይቅ ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ክራንች ነው፣ ጓድ።»

አገላብጦ አየው። የተቀረጸበት መስቀል ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ክራንች ደግሞ መስቀል አለው እንዴ?»

«አናጢው ካህን ስለሆኑ ነው...»

ሳቁን ዋጥ አድርጎ «እለፊ» አለኝ። እሱም እኮ የቄስ ልጅ ነው። ላሊበላ ውስጥ ማን ያልሆነ አለ?

የአውራጃው ውድድር ያለ እኔ ተካሄደ። በንዴት አንድ ቀን መቋሚያውን ጥዬ ከቤት ጀርባ ልሮጥ ሞከርኩ። እግሬ እንደገና ዳቦ አከለ። አባቴ አልተቆጡም። እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው ቅቤውን ራሳቸው ያሹኝ ጀመር።

«አባባ... ቢቀርብኝ ይሻላል መሰለኝ» አልኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

ማሸታቸውን አላቋረጡም። «እኔም አቋቋም ስማር፣ ገና በጅምሩ፣ ከመቆም ብዛት ጉልበቴ አበጠ። ወደ አገሬ ልመለስ ብዬ ስንቄን ቋጠርኩ። የኔታ ግን 'ተቀመጥ' አሉኝ እንጂ 'ተው' አላሉኝም።»

እኔም እንደ እሳቸው ተቀመጥኩ። እንባዬ ቅቤው ላይ ሲንጠባጠብ ያላዩ መሰሉ።

እግሬ ሲጠና መቋሚያውን መለስኩላቸው። እሳቸው ላይ በጣም አጠረ። በማሕሌት ጊዜ ጓደኞቻቸው ቀጥ ብለው ሲቆሙ እሳቸው ጎንበስ ማለት ግድ ሆነባቸው። «ሌላ እናስጠርብልዎ» ቢሏቸው «ለምጄዋለሁ» ብለው እምቢ አሉ። ለማያውቃቸው ሰው ዕድሜ ያጎበጣቸው ይመስላል። እኔ ከሴቶች መቆሚያ ሆኜ ሳያቸው ዐይኔ ይሞላል።

በዓመቱ እንደገና ተመረጥኩ። ውድድሩ እዚያው ላሊበላ ሆነ። የመጨረሻው ዳገት ላይ ሰዉ ግራ ቀኝ ተሰልፎ «በርቺ! ጨምሪ! ድረሽባት!» ይላል። እኔም ከፊቴ ያለችውን ልጅ ልደርስባት ምንም አልቀረኝም። ከመሀል ነጭ ጥምጥም አየሁ... አባቴ ናቸው፣ አጭሯ መቋሚያ ላይ ጎንበስ ብለው። ቁምጣዬንም እያዩ ነው። በዚያ ማሕሌት በሚመሩበት ድምፃቸው አገሩን ሁሉ ዝም አሰኙት።

«ቀስ በይ ልጄ! እግርሽን! ቀስ በይ!»

ሳቄ መጣ። ስስቅ ትንፋሼ አጠረ፣ ከኋላዬ የነበሩት ሁሉ አለፉኝ።

ስንተኛ እንደወጣሁ አትጠይቁኝ... በዓለም ላይ ሯጭ ልጁን «ቀስ በይ» እያለ የደገፈ አባት ያለኝ ግን እኔ ብቻ ነኝ።