ጣሪያ ላይ የወጣው ፊቴ

አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ ውስጥ በመኪናዬ ሰው እያመላለስኩ ስኖር ስለ መልኬ ያነሳ ተሳፋሪ አልነበረም፤ ከኋላ ወንበር የሚታየው ማጅራቴ ብቻ ነው። አንድ ቀን ግን ከዋይትሆል ሰፈር የጫንኳቸው አሜሪካዊት አሮጊት በመስታወቱ ትክ ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ድንጋይ ቀራጺ ነኝ። እንዲህ ያለ ፊት ስፈልግ ነበር። ልቅረጽህ?» አሉኝ።

ለባለቤቴ ስነግራት ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ምን አይተው ነው?» አለች።

«የሚታይ ቢኖር ነዋ!» አልኳት።

ፀጉሬን ተስተካክዬ፣ የሠርጌን ሙሉ ልብስ ለብሼ ኒር ኢስት ሳይድ የሚባለው ሰፈር ወዳለው የቅርጽ መሥሪያ ክፍላቸው ሄድኩ።

«አፍህን በደንብ ክፈት» አሉኝ። ከፈትኩ። «ምላስህንም።» አወጣሁ። «አሁን ተናደድ።»

«በምን?»

«በፈለግከው።»

አውራ ጎዳና ላይ ፍሬቻ ሳያሳዩ የሚታጠፉብኝን ሾፌሮች አሰብኩ። «ድንቅ! እንዳትንቀሳቀስ!» ብለው ጮኹ። ጥበብ እንዲህ ይሆናል ብዬ አፌን እንደከፈትኩ ቆየሁ።

ሥራው ሲያልቅ ኮል አደረጉልኝ። ሸራውን ሲገልጡት ጆሮው የሌሊት ወፍ፣ ጥፍሩ የአሞራ የሆነ፣ አፉን የበረገደ ጭራቅ ተጎልቷል። ግንባሩና አፍንጫው ግን የእኔ ነው፤ እናቴ ብታየው አትክደውም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የቤተ ክርስቲያን አሸንዳ። የድሮው ስለተሰበረ የሚተካ ነው። የጣሪያው ውሃ በአፍህ ይወርዳል።»

«ትንሽ እንኳ ቆንጆ ቢያደርጉኝ ምን ነበረበት?»

ሳቁ። «ድሮ አውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ያስጌጡ የነበሩ ቀራጺዎች መልአክ ሲሠሩ እንደታዘዙት ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። እንደልባቸው የሚሆኑት ጭራቁ ላይ ሲደርሱ ነበር። ቆንጆውን ሰው አይቶ ያልፈዋል። አስቀያሚውን ግን ዞሮ ያየዋል።»

ልከራከር አፌን ስከፍት የልጅነቴ ደብር ትዝ አለኝ። ግድግዳው ላይ ጻድቃኑ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላሉ። በሰንሰለት የታሰረ ሰይጣንም ነበር። ቅዳሴው እስኪያልቅ ዓይኔን ከማን ላይ እንደማልነቅል እግዚአብሔር ያውቃል። የጻድቃኑ መልክ ጠፍቶብኛል፤ የሰይጣኑን ጥርስ ግን ዛሬም አንድ በአንድ ልስለው እችላለሁ። በክርክሩ ተረታሁ፤ አኩርፌም ወጣሁ።

ጭራቁ ጣሪያው ላይ የተሰቀለ ዕለት ባለቤቴ ጎትታ ወሰደችኝ። ልጃችን ቀና ከማለቷ «ዳድ፣ ኢትስ ዩ! አንተ ነህ!» ብላ መንገዱን በጩኸት ሞላችው። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ሊጨብጡኝ መጥተው አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ እኔ አዩና እጃቸውን ትንሽ አዘገዩት።

ባለቤቴ ሳትስቅ የጭራቁን አፍንጫ ከአፍንጫዬ ጋር አስተያየች። «ቆንጆ አድርገውህ ቢሆን ኖሮ» አለች በመጨረሻ፣ «አላውቅህም ነበር።»

ሙገሳ ይሁን ስድብ አልጠየቅኳትም። የሚጠየቅ ነገር አይደለም።